ከወንበር አለመነሣት

«እስቲ ከጠረጴዛው ሥር ያሳዩኝ» አለ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ድምፅ።

ችኮ ላፕቶፑን በሁለት እጇ አንሥታ ዘቅዘቅ አደረገችው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ የልጅ ካልሲ ወድቋል።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ካልሲ ነው። የልጄ።»

«ወዲያ ያድርጉልኝ፣ እህቴ። ይቅርታ፣ ሕጉ ነው።»

ካልሲውን አንሥታ አልጋው ላይ ወረወረችው። ከዚያ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ግራና ቀኝ ጆሮዋን አሳየች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለች። ፈታኙ ወጣት መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል፤ ፊቱ ግን አይታይም። እሱ እሷን ያያታል፤ ያልተነጠፈውን አልጋ፣ በር ላይ የተንጠለጠለውን የባሏን ጃኬት፣ መስኮቱ ሥር የተቆለለውን ያልታጠፈ ልብስ ሁሉ ያያል። መሬት ተከፍተሽ ዋጪኝ አሰኛት። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥፍ የምትውል ሴት የራሷን ልብስ የምታጥፍበት ጊዜ አላገኘችም።

«ፈተናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አለ ፈታኙ። «ከካሜራው ፊት መነሣት አይቻልም። ማውራት አይቻልም። ሰው ከገባ ወይም እርስዎ ከተነሡ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋዋል፤ እኔ ልከፍትልዎ ብፈልግ እንኳ አልችልም። ተስማምተዋል?»

«ተስማምቻለሁ።»

«ውኃ ጠጥተዋል? መጸዳጃ ቤትስ?»

ሳቋ አመለጣት። «ምነው፣ እንደ ሕፃን አደረጉኝ እኮ!»

«ሁሉም እንዲህ ይላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ይቁነጠነጣል። በሉ፣ መልካም ዕድል።»

ችኮ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ልጅ ሳለች ካልፈለገች ከቆመችበት የማትነቃነቅ ስለነበረች እናቷ ያወጣችላት ነው፤ ስሙም እየተከተላት እስከ ሥራ ቦታዋ ደረሰ። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ በላውንደሪ ክፍል ነው። ኃላፊው በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። ወንበሩን እሷ እንድትይዘው እሱም ይፈልጋል፤ አብረዋት የሚሠሩትም ከአሁኑ «አለቃ» እያሉ ይቀልዱባታል። የሰው ኃይል አስተዳደሩ ግን ያለ ዲግሪ ማመልከቻ አልቀበልም ብሏል።

ዲግሪውን የጀመረችው ልጇ ዳዴ ስትል ነበር። በኦንላይን የሚሰጥ የቢዝነስ አስተዳደር ትምህርት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ መረጠችው፤ ደግሞም ሌላው ሁሉ በሰዓቱ ክፍል ግቢ የሚል ነበር። በአንድ ጆሮዋ መምህሩን፣ በሌላው የማድረቂያ ማሽኑን ጩኸት እየሰማች ተማረች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ባንድ እጇ ብረቱን፣ ባንድ እጇ ስልኩን ይዛ አነበበች። ልጇ ገላዋን ስትታጠብ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የቡድን ሥራ ሠራች። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሲመጣ «ተማሪዬ» እያለ ያሾፍባታል፤ ሲሄድ ግን ምድር ቤቱም፣ ትምህርቱም፣ ልጅቷም የእሷ ናቸው። አሁን የቀራት ይህ አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ የፋይናንስ አስተዳደር።

እናቷ ልጅቷን ልትጠብቅላት ትናንት መጥታለች።

«እኔ እያለሁ ያንን በር የሚነካ የለም» ብላ ነበር ጠዋት፣ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች። «ትንኝም አትገባ። አንቺ ብቻ ጻፊ።»

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ችኮ እየተንደረደረች ሠራቻቸው። እጇ ሞቀ። ያላጠናችው ነገር እስካሁን አልመጣም። ከበሩ ወዲያ እናቷና ልጇ ሲንሾካሾኩ ይሰማታል።

«እማማ፣ እማ ለምን ዝም አለች?»

«እየተፈተነች ነዋ።»

«ስትጨርስ ምን ትሆናለች?»

«አለቃ ትሆናለች። ዝም በይ አሁን።»

«ከለሬን ስጪኝና ዝም እላለሁ።»

«የታለ ከለርሽ?»

«ቁምሳጥኑ ላይ። እማ ናት የሰቀለችው፤ ግድግዳ ላይ ስለሳልኩ።»

የችኮ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ሰማች። ወንበሩን ከድምፁ ለየችው፤ አንድ እግሩ የላላው፣ ባሏ ሲመጣ አጠብቀዋለሁ እያለ በመጣ ቁጥር የሚረሳው ወንበር ነው። «እማዬ፣ እሱ ላይ እንዳትወጪ!» ልትል አፏን ከፈተች። ገና «እ» ከማለቷ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦ ድምፅ ተሰምቷል፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። አፏን ገጠመች። ትወርዳለች፣ ምን ችግር አለው፣ ከለር አንሥታ ትወርዳለች አለች በልቧ። ጥያቄውን እንደገና አነበበችው። ፊደሎቹን ታያለች፤ ትርጉማቸው ግን ጠፋባት።

ከበሩ ወዲያ አንድ ከባድ ነገር ዷ አለ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቷም አልጮኸችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የማታውቀው ዓይነት።

«ምንም አልሆንኩም! ጻፊ አንቺ!»

ችኮ ትንፋሿን ለቀቀች። እጇን ወደ ኪቦርዱ መለሰች። ወዲያው ከበሩ ሥር፣ ከወለሉ አጠገብ፣ የልጇ ሹክሹክታ ገባ።

«እማ… እማማ መሬት ላይ ተኝታለች። እግሯ ዞሯል። እንዳትነግሪያት ብላኛለች።»

ችኮ ብድግ አለች።

«እህቴ፣ ይቀመጡ! ሊዘጋ ነው፣ ይቀመጡ!» አለ ፈታኙ ከኋላዋ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የለመናት ያህል ነበር።

እናቷ ቁምሳጥኑ ሥር በጀርባዋ ተኝታለች፤ አንደኛው እግሯ ያለ ልክ ወደ ውጭ ዞሯል፤ የከለር ሳጥኑን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ችኮን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ለምን ወጣሽ? ግቢ! ገና አልዘጉት ይሆናል!»

«እማዬ፣ ተነሺ እስቲ።»

«እነሣለሁ። ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው። ግቢና ጨርሺ፣ እኔ የትም አልሄድ።»

ብብቷ ሥር ገብታ ልታነሣት ሞከረች። እናቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ፤ ከአፏ ግን አንዲት ድምፅ አልወጣም። ችኮ መልሳ አስተኛቻት። ልጅቷን «ሩጪ፣ የታች ቤቱን ጋሼን ጥሪ» አለቻት።

ጋሼ የታክሲ ሹፌር ነው፤ እዚያው ሕንፃ ታችኛው ቤት ይኖራል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ፤ በብርድ ልብስ አድርገው አወረዷት። መኪናው ውስጥ ልጅቷ ችኮን ቀና ብላ አየቻት።

«እማ፣ እማማም ወደቀች፣ አንቺም ወደቅሽ?»

ሹፌሩ ሳል መጣበት። ከኋላ ወንበር የተጋደመችው የችኮ እናት ግን ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አፍሽን ያዢ፣ ያንቺ እናት አትወድቅም» አለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ራጁን ያየው ሐኪም ችኮን ወደ ጎን ወሰዳት።

«ዳሌያቸው ተሰብሯል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል፤ ወረፋ ያገኘሁላቸው ከነገ ወዲያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ያምዎታል ወይ ስላቸው ‹ኧረ ብዙም አይል› ይሉኛል። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ጣሪያ ይበሳ ነበር።»

«እሷ እንደዚያ ናት» አለች ችኮ።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ወደ ዩኒቨርሲቲው የእርዳታ ማዕከል ደወለች። ሙዚቃ ሲያሰሟት ቆይተው አንዲት ሴት አነሣች።

«እዚህ የሚያሳየኝ በራስዎ ፈቃድ ፈተናውን እንዳቋረጡ ነው።»

«እናቴ ወድቃ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ።»

«ውይ፣ አዝናለሁ። የሐኪም ማስረጃ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ልሞክርልዎ።»

ላከች። ባሏ ጋ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም፤ የትኛው ተራራ ሥር እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ወደ ሆቴሉ ደወለች። ኃላፊው «አይዞሽ፣ እናትሽን አስታምሚ» አላት፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ውጤቱ ወር ሳያልቅ ካልደረሰ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም፤ ሰው ከውጭ ያመጣሉ» አለ። ሁሉም ያዝኑላታል። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ መልሳ የምትቆጣው ሰው ታገኛለች።

ሴትዮዋ መልሳ ደወለች፤ ድምፅዋ ፈካ ብሏል።

«ተፈቅዶልዎታል! የተለየ ፈቃድ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። ከነገ ወዲያ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

ችኮ ግድግዳውን ተደገፈች። «ሌላ ሰዓት የለም? ከሰዓት በኋላ? ማታ?»

«ሲስተሙ ይህን ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ካልሆነ በሚቀጥለው ሴሚስተር መጨረሻ ነው። ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ መያዝ አለብኝ። ያስቡበትና ይደውሉልኝ።»

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ስትነግራቸው ጋሼ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እኔ እቆማለሁ» አለ። «የአንድ ቀን ሥራ ቢቀርብኝ አልሞት። አንቺ ተፈተኚ።» ነርሷ ግን አልጋውን እያስተካከለች ራሷን ነቀነቀች። «ቤተሰብ ቢሆን ነው የሚመረጠው። በዚህ ዕድሜ ማደንዘዣው ከባድ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚወስን ሰው እንፈልጋለን።» ይህን ያለችው ቀስ ብላ ነበር፤ እናቷ ግን ሰማች።

«ምን የሚፈጠር ነገር አለ? እኔ እንደሆነ ተኝቻለሁ» አለች። «አንቺ እዚያ ቆመሽ ምን ልትሠሪ ነው፣ ቢላዋ ልትይዢላቸው?»

«እማዬ፣ ተይ።»

«አልተውም። ከነገ ወዲያውን ያዢልኝ በያት። ካልያዝሽ አልፈርምላቸውም።»

«ምኑን ነው የማትፈርሚው?»

«ኦፕራሲዮኑን። ተሰብሬ ቤቴ እገባለሁ። በእኔ ምክንያት ስትቀሪ እያየሁ የሚጠገን ዳሌ አልፈልግም።» ጣቷን ወደ ችኮ ቀሰረች። «ይህን ችኮነት ከማን የወረስሽው መሰለሽ?»

ነርሷ ልትስቅ ብላ ተወችው። የስምምነት ወረቀቱን ከእስክሪብቶው ጋር ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ችኮ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ብትሄድ፣ ከአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጣ፣ አፏን ገጥማ፣ እናቷ ከቢላዋ ሥር በሰላም ትውጣ አትውጣ ሳታውቅ ስለ ወለድ መጠን ልትጽፍ ነው። ብትቀር፣ ከአንዱ የተዘጋ በር ፊት ተቀምጣ፣ እዚያም ምንም ልትረዳ አትችልም፤ ላውንደሪውንም ሌላ አለቃ ይይዘዋል። በሁለቱም በኩል ከወንበር ላይ መቀመጥ ነው የተሰጣት። እናቷ የልጅቷን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታሻሻለች፤ ከዓይኗ ሥር ላብ ችፍ ብሏል፤ ግንባሯን ግን እንዳይታይባት አልቋጠረችም። ችኮ ያን ላብ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዛሬ ከወለል ላይ ሆና «ምንም አልሆንኩም» ስትል፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አምናት እጇን ወደ ኪቦርዱ እንደመለሰች ትዝ አላት።

«ልደውልላቸው» ብላ ወጣች።

ሴትዮዋ ወዲያው አነሣች።

«የቱን ልያዝልዎ?»

በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት በኩል እናቷ ትታያታለች። እናቷ ወደ በሩ እያየች ነበር።

«የሚቀጥለውን ሴሚስተር» አለች ችኮ።

«እርግጠኛ ነዎት? ከተያዘ በኋላ አይቀየርም እኮ።»

«ይያዙልኝ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ፊቷን በሁለት መዳፏ ጥርግ አድርጋ ገባች።

«ያዝሽ?»

«ያዝኩ።»

«የቱን?»

«ከነገ ወዲያ፣ ሦስት ሰዓት።»

እናቷ ፊቷን አፍጥጣ መረመረቻት። ችኮ ዓይኗን አልሰበረችም፤ እስክሪብቶውን ከኮመዲኖው አንሥታ አቀበለቻት። እናቷ ተቀብላ በዝግታ፣ ፊደሉን እየሳለች፣ ፈረመች።

«ጎሽ» አለች፤ ራሷንም ትራሱ ላይ ጣለች። ወዲያው ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ማቃሰት ከጉሮሮዋ ወጣ።

«እንግዲያው ያቺን ነርስ ጥሪልኝ፣ ልጄ። ገደለኝ እኮ ይሄ እግር።»