ያለ መርዶ የተቀመጥሁት ለቅሶ

ጥር 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት ከባሕር ዳር በመርከብ የተሳፈርነው አራት ነበርን፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መሪ ዲያቆን ገብረ መስቀል፣ ዘማሪዎቹ እሌኒና የሺመቤት፣ አራተኛው እኔ ሀብተ ሥላሴ። ከቁንዝላ ወደብ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የሐይቅ ዳር መንደር ለአስተርእዮ ማርያም እንድንዘምር፣ እስከ በዓሉም ድረስ የመንደሩን ልጆች መዝሙር እንድናስተምር የደብሩ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጠርተውን ነበር። ከቀበሌ ያወጣነው የይለፍ ወረቀት ግን «ዘመድ ለመጠየቅ» ይላል። አራታችንም የሰፈርነው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው።

መርከቡ ላይ የሺመቤት እኔን መልከፍ ጀመረች።

«ሀብተ ሥላሴ፣ ስትዘምር ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ድምፅህን ለማን አደራ ሰጥተኸው ነው የምትመጣው?»

«ተይው» አለች እሌኒ። «አሁን አፍሮ ሐይቁ ውስጥ ይገባልንና ለእናቱ ምን እንላለን?»

ሳቅሁ። ልቤ ግን ከእነርሱ ጋር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ተክለ ጊዮርጊስ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የመጨረሻው ደብዳቤው ከደረሰን ስምንት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ይኑር ይሙት አናውቅም። እኔና እናቴ ቤት ውስጥ ስሙን አንጠራም፤ ሰው በር ሲያንኳኳ ግን ሁለታችንም እኩል እንነሣለን። ይህን ጉዞ እንድሄድ የገፋችኝም እሷ ናት። «ሄደህ ማርያምን ስለ ወንድምህ ለምናት» አለችኝ።

መንደሩ የደረስነው በማግሥቱ ነው። መሪጌታ ከባለቤታቸው ከእመት አደይ ጋር በደስታ ተቀበሉን። ሰኞ ከቀትር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ልጆቹን እያስዘመርን ሳለ ቃሲም ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። ቃሲም የባሕር ዳር ጎረቤታችን ነው፤ በሞተር ጀልባው ጨውና ላምባ ወደ ቁንዝላ ያመላልሳል። ጀልባውን ትቶ ሁለት ሰዓት በእግሩ መምጣቱ ብቻውን አስደነገጠኝ።

«ሀብተ ሥላሴ፣ እናትህ ቶሎ ይምጣ ብለውሃል» አለኝ።

«ምን ሆነው ነው?» አለው ገብረ መስቀል።

«ምንም አልሆኑም። ደኅና ነን በለው ነው ያሉኝ። ሁላችንም ደኅና ነን፣ ብቻ ቶሎ ይምጣ።»

በእኛ አገር ሰው የሞተበት መንገደኛ በመንገድ ላይ አይረዳም። ሁሉም ደኅና ነው ተብሎ ቤቱ ይወሰዳል፤ መርዶውን ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎች ይነግሩታል። ስለዚህ «ደኅና ነን»ና «ቶሎ ይምጣ» አብረው ሲመጡ አራታችንም አንድ ነገር ገባን። እሌኒ ከበሮውን ከአንገቷ አወረደች።

ገብረ መስቀል ቃሲምን ከዋርካው ጀርባ ይዞት ሄደ። ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ለእኔ እንኳ ንገረኝ።»

«ወላሂ የማውቀው የለም። ደኅና ነን አሉኝ፣ ደኅና ናቸው አልሁ።»

«ፊታቸውስ እንዴት ነበር?»

«ዐይናቸው ቀልቷል።»

«በቃ» አለ ገብረ መስቀል።

ቃሲም የሚመለሰው በማግሥቱ ስለ ነበር እዚያው አደርን። ራት ሲቀርብ ሁሉም እኔን ብቻ ያጎርሰኛል፤ ከመርዶ በኋላ እህል እንደማይወርድልኝ ያውቃሉና። እመት አደይ ጎርሼ ሳልጨርስ ሌላ ይደግሙልኛል። የሺመቤት ሳትለክፈኝ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ከቃሲም መልእክት ይልቅ ያ ዝምታዋ አስፈራኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው በእኔ ምክንያት ሊዋሹ ነው። ደግሞም እስካልጠየቅሁ ድረስ ወንድሜ አልሞተም።

ጎሕ ሲቀድ ከአጥሩ ውጭ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» የሚል የሴቶች ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መሪጌታ በቁጣ ወጡ።

«ማነው የነገራችሁ? ይህ ልጅ እኮ ገና አልተረዳም።»

ሴቶቹ ወደ እመት አደይ አዩ።

«እኔ ለአንዲት ጎረቤቴ ብቻ ነው የነገርሁ» አሉ እመት አደይ። «እሷም ለእንግዳው ወተት ይኖርሽ እንደሆነ ብዬ ስጠይቃት፣ ለምን ብላኝ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን ይመልሳቸው? ወንዶቹም ጋቢያቸውን አጣፍተው ገብተው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ወንድሜን የሚያውቅ የለም። አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ስሙን ማን ልበለው ልጄ?» አሉኝ። «ተክለ ጊዮርጊስ» አልሁ። በስንት ወር አፌ ላይ የዋለው ያን ጊዜ ነው። አሮጊቷ ስሙን ይዘው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስሁ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሰውዬ ውኃና ምላጭ ይዞ መጣና ራሴን ላጨኝ።

«አንተ ብቻህን አትሄድም» አለኝ ገብረ መስቀል። «አንድ ወረቀት ነው ያለን፤ ሁላችንም እንመለሳለን።»

«በዓሉስ?» አልሁ።

«ማርያም ታያለች» አሉ መሪጌታ። «ሂዱ፣ እናቱ ዘንድ አድርሱት።»

ጀልባው ላይ ቃሲም ራሴን ደጋግሞ አየና ገብረ መስቀልን ጠየቀው።

«ማን ነገራችሁ?»

«አንተ ነህ እንጂ።»

«እኔ ደኅና ናቸው ነው ያልሁት።»

«እኮ።»

ቃሲም ብዙ መንገድ ነዳ። በኋላ «ጨው ይሻለኛል። ሁለተኛ የሰው ቃል አልጭንም» አለ።

ባሕር ዳር የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ስትል የተላጨ ራሴን አየች። ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ።

«ተክሌ?» አለች። «ከማን ሰማህ?»

እኔ ከእሷ ልሰማ ነው የመጣሁት፤ እሷም የእኔን ራስ አይታ መርዶ ይዤላት የመጣሁ መሰላት። ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ ተቃቅፈን ጮኸን። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ገብረ መስቀል ነው።

«እማማ እናትዓለም፣ መርዶ ሊያስረዱት አይደለም ያስጠሩት?»

«የማንን መርዶ? ደብዳቤ መጥቶ እንዲያነብልኝ ነው እንጂ።»

እናቴ መቀነቷን ፈታች፤ ፖስታው ከውስጡ ወጣ። የሠራዊቱ ማኅተም አለበት። አድራሻው ግን በወንድሜ እጅ የተጻፈ አይደለም። አልተከፈተም።

«እናንተ በሄዳችሁ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጣ» አለች። «ሦስት ሌሊት ዐይኔን አልከደንሁም።»

«ታዲያ ለምን ለሌላ ሰው አላስነበብሽም?» አልኋት።

«ቀበሌ ወስጄ? የዚያችን ምስኪን ጎረቤታችንን ደብዳቤ እዚያ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት አነበቡባት። እኔም የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ፤ የመጽሐፉን ፊደል አነባለሁ። ይኸ የእጅ ጽሑፍ ግን የጉንዳን መንገድ ነው።»

«ለቃሲም እንኳ ደብዳቤ መጥቷል ብትይው።»

«ከጦር ሠራዊት ደብዳቤ መጣልኝ ብዬ ወደብ ላይ ላውጅ?»

እጄ ላይ ስታኖረው ፖስታው ከመቀነቷ ሙቀት ገና አልበረደም። ለካስ ከእኛ መካከል እስካሁን ምንም የሚያውቅ ሰው የለም። ቀድጄ አወጣሁት። በልቤ ላነብ ስል እናቴ ክንዴን ያዘች።

«ለብቻህ አትስማው። እኩል እንስማ።»

ስለዚህ ጮኼ አነበብሁ። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል። ይህ ማንንም አላሳረፈም፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ቀጠልሁ። «ይህን የሚጽፍልኝ ከጎኔ የተኛ ጓደኛዬ ነው፤ ቀኝ እጄ ስለ ቆሰለ ብዕር መያዝ አልቻልሁም። ያለሁት አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው። ሁለት ጣቶቼን ቈርጠዋቸዋል። ከእንግዲህ ጠመንጃ ስለማልይዝ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ ብለውኛል፤ ለፋሲካ ሳልደርስ አልቀርም። ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ እንዳትሸጡት፤ ጓዳውን እሠራበታለሁ።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ባሕር ዛፉ ላይ ድገመው» አለች።

ደገምሁት። ሦስተኛም አነበብሁት። በመጨረሻው ላይ ድምፄ እስከ አጥሩ ጥግ ይሰማ ነበር። ለለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች አልሄዱም፤ ምስሩን ከመሬት ለቅመው ለእናቴ መለሱላት።

«ጠጉሩንስ ማን ይመልስለት?» አለች የሺመቤት። ዐይኗን እየጠረገች ራሴን አየችው። «እንቁላል መስሏል እኮ።»

«ጠጉሩ ይበቅላል» አለ ገብረ መስቀል። «እዚያ መንደር የሚለቀሰው ለቅሶ ነው የከበደኝ። ቃሲም፣ ስትመለስ ለመሪጌታ ደኅና ነው በላቸው።»

ቃሲም ሁለት እጁን አነሣ።

«እኔ ደኅና ነው ብል ተዝካር ነው የሚደግሱት። በወረቀት አድርጉልኝ።»

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። ወንድሜ ተክለ ጊዮርጊስ እንዳልሞተ፣ የት እንዳለ፣ ስንት ጣት እንደ ቀረው፣ አንድም ቃል ሳላድበሰብስ ዘርዝሬ ጻፍሁ። እናቴ ከሥሩ ስሟን በራሷ እጅ ጻፈችበት።

ቃሲም ወረቀቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመሪጌታ አደረሰ። ወንድሜ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ገባ።