ጓንት ለአንድ አልጋ

ከወለዱ በኋላ እናቶች በሚያርፉበት ክፍል አራት አልጋ አለ። ነርሷ ከበሩ ጀምራ የሦስቱን ደም ግፊት በባዶ እጇ ለካች። መስኮቱ ሥር ወደተኛችው ፀጉር ሠሪ ስትደርስ ካርዷን አየት አደረገችና ጓንት አጠለቀች፤ ቆይታም በላዩ ሌላ ደረበች።

የፀጉር ሠሪዋ ፊት ጋለ። ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ባሏ ያውቃል። አልጋው ጫፍ ላይ ጨቅላውን ታቅፈው የተቀመጡት አማቷ ግን አያውቁም።

«ምነው ሲስተር፣ እኛ ጋ ስትደርሺ ሙሽራ ሆንሽ?» አሉ አማትየው እየሳቁ። «በጓንት ላይ ጓንት!»

«ለጥንቃቄ ነው፣ እማማ።»

«ከምኑ?»

ነርሷ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ፣ «ጉንፋን ይዟታል ልበላቸው?» ስትል አንሾካሾከች።

የፀጉር ሠሪዋ ንዴት ያን ጊዜ ገነፈለ። የእርግዝና ክትትል ክፍሏ ነርስ ሆዷን ስትዳስስ የኖረችው በባዶ እጇ ነው። መድኃኒቱ ሲያንገሸግሻት እየደወለች፣ ስትፈራ እየተቆጣች፣ ለዚህ ያበቃቻት እሷ ናት። ይቺኛዋ ያንኑ ትምህርት ተምራ፣ ያንኑ ጋውን ለብሳ፣ ሰው ፊት ካጋለጠቻት በኋላ ደግሞ ልትዋሽላት!

«አትዋሺልኝ!» አለች ቀና ብላ። «እማማ፣ ኤችአይቪ በደሜ አለ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ልጅዎም ያውቃል። ሕፃኑም እንዳይዘው መድኃኒት ጀምሯል። እሷ ግን የምትነካው ክንዴን ነው! እኔ የስንቱን ራስ በባዶ እጄ ሳጥብ እውላለሁ፤ ክንድ መንካት ይሄን ያህል ያስፈራል?»

«እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው በይኛ» አሉ አማትየው። ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጧትና መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሕፃኑን ግን አላስቀመጡትም።

ፀጉር ሠሪዋ ክንዷን ዘረጋች። «አውልቂና ለኪ።»

ነርሷ የላይኛውን ጓንት አወለቀች።

«የታችኛውንም።»

የታችኛውንም አወለቀች። የመለኪያውን ጨርቅ ክንዷ ላይ ጠቀለለች፣ አየር ሞላችበት፣ አዳመጠች።

«ከፍ ብሏል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ባይሰቀል ነበር የሚገርመኝ!» አሉ አማትየው ዞር ብለው። ዓይናቸው ቀልቷል። «አንቺም ባልሽም፣ ቤት ስንገባ የምትሉኝን እሰማለሁ።» ከዚያ ወደ ነርሷ ተመለከቱ። «አንቺ ደግሞ አለቃሽን ጥሪልኝ። አሁኑኑ።»