ፈንታነሽና የደም ስብ ኪኒኑ

ፈንታነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንበሳሜ አጠገብ ያለውን የጤፍና የገብስ ማሳዋን ራሷ ስታሳርስ፣ ራሷ ስታሳጭድ የኖረች ሴት ናት። አምና ደረቷን ወግቷት ደብረ ታቦር አንድ ክሊኒክ ስትመረመር የልቧ ደም ስር ጠቦ ተገኘና የደም ስብ የሚቀንስ ኪኒን ታዘዘላት። ማታ ማታ አንዲት ፍሬ ስትውጥ ዓመቱ በሰላም አለፈ።

በኅዳር፣ አጨዳው መሐል፣ ጭኗና ትከሻዋ እንደተወቀጠ ሰው ይጠዘጥዛት ጀመር። ከመደብ ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ግድ ሆነባት። በአራተኛው ቀን ሽንቷ እንደ ጠላ ጠቆረ።

የባሏ ወንድም ጌጡ ሊጠይቃት መጥቶ፣ «ይሄው ኪኒን ነው የሚጨርስሽ። እሳት ውስጥ ጣይው!» አላት።

«ለዛሬ አልውጠውም። ከነጭራሹ ልተወው አልተወው ግን የሚነግረኝ ሐኪም ነው» አለችና በማግስቱ መድኃኒቶቿን ሁሉ በሻሽ ቋጥራ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ደብረ ታቦር ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ፣ «እናቴ፣ የአጨዳ ድካም ይሆናል፤ አርፈው ሰኞ ይምጡ» አላት።

«የአጨዳ ድካም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ሐኪም ሳላይ ከዚህ አልነሳም» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ተጠራች።

ሐኪሟ ዶክተር ሰላማዊት ጭኗን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «በቅርቡ የጀመሩት ሌላ መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

ፈንታነሽ ሻሿን ፈታች። «ይሄ የጨጓራ ነው፣ ሳምንቴ ከጀመርሁት። የልብ ኪኒን እንደምውጥ ለሰጡኝ ሰዎች አልተናገርሁም።»

ሰላማዊት የእሽጉን ጽሑፍ አነበበችና ወዲያው የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን አስጠግታ፣ «ሁለቱ አብረው አይሄዱም» አለቻት። «የጨጓራው መድኃኒት ኪኒኑ ከሰውነትዎ እንዳይወጣ ይዞት፣ ደምዎ ውስጥ በዝቶ ጡንቻዎን ጎድቶታል። ደግነቱ ኩላሊትዎ ሳይጎዳ ደርሰዋል።»

ሁለቱም መድኃኒት ቆመ። ሦስት ቀን ተኝታ በደም ስሯ ፈሳሽ ተሰጣት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ለቋት ለቀጠሮ ስትመለስ ሰላማዊት፣ «ሌላ ዓይነት ኪኒን በትንሽ መጠን እንጀምር» አለቻት። «ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።»

«ያው ሕመም ቢመለስብኝስ?»

«ሕመሙ የጀመረ ቀን ይመጣሉ። ከነጭራሹ ብንተወው ግን ለልብዎ እፈራለሁ።»

ፈንታነሽ በዚያ ሰሞን ከመደብ መነሳት አቅቷት እንደነበር አስታወሰች።

«ልቤም እግሬም ያስፈልጉኛል» አለች በመጨረሻ። «ስጪኝ። የምወስደውን ሁሉ ደግሞ በወረቀት ጻፊልኝ። ከእንግዲህ የትም ብሄድ ይህን ሳላሳይ መድኃኒት አልቀበልም።»

ሦስት ወር ቆይታ ስትመረመር ደሟ ንጹሕ ነበር። ሰኔ ላይ የዘር ጆንያ በአህያ ጭና፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ገበሬዎቿን ቀድማ ማሳው ላይ ደረሰች።