ያልተሰበረው እግር

«እንዳትነኳት ብያለሁ! የልጅቱ እግር ምንም አልሆነም!»

አሕመድኑር ከመደቡ ተነሥተው መሬቱን በከዘራቸው ደበደቡት። ማን ሊሰማቸው! ዘሊካ ከወረኢሉ መካነ ሰላም ድረስ መጥታ ገና የግቢውን በር ስትከፍት የወንድሟ ልጅ አሚራ እያነከሰች ስትሄድ አየችና «ወይኔ ልጄን!» ብላ ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆመችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሮጣ ወጌሻዋን እትዬ ሸጋዬን ይዛ መጣች። አሁን ሁለቱ ሴቶች ልጅቱን ምንጣፍ ላይ አስተኝተው ቀኝ እግሯን በቅቤ ያሻሉ።

«ሕፃን ይወድቃል፤ ያለ ነው» አለች ዘሊካ። «ተሰብራ ዝም ማለት ግን ምን ይሉታል? ወንድሜና ኢልሀም አረብ አገር የሚለፉት ልጃችን ደህና ሰው ጋ ናት ብለው ነው። ወላሂ፣ ታሽታ ስታበቃ ይዣት እሄዳለሁ። አንቱ ልጅ ማሳደግ አልቻሉም።»

ነገሩ አንጀታቸውን ቆረጠው። የልጅቱ እናት፣ ልጃቸው ኢልሀም ከሄደች ወዲህ አሚራን የሚያበሉ፣ የሚያጥቡ፣ አዝለው የሚያስተኙ እሳቸው ናቸው። እቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«የምታነክሰው እኔን አይታ ነው!» አሉ። «ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ እኔ እግሬን ስጎትት እሷም ትጎትታለች። በር ላይ ደርሼ እህም ካልኩ፣ እህም ትላለች። ለዱዓ እጄን ስዘረጋማ፣ አፌን ሳልከፍት አሚን ትላለች። ዶሮዋን እንደኔ ስትራገም ብትሰሚያት!»

እትዬ ሸጋዬ ሳቁ።

«አይ አያ አሕመድኑር! ማነከስ የሚማር ልጅ ደግሞ የት አለ? እብጠት እንኳ የላትም፤ ግን ስታነክስ በዓይኔ አይቻለሁ። ውልቃት ይሆናል። አንዴ ሳብ ላድርገው።»

ዘሊካ የልጅቱን ትከሻ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አሚራ ከንፈሯን ጣለች። ይኼኔ የሽማግሌው ደም ፈላ።

«ደህናውን እግር ልታወልቁት ነው? እኔ ቆሜ እያለሁማ አይደረግም!»

ከዘራቸውን ወረወሩት። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ወደ ግቢው በር ተራመዱ፤ ሳያነክሱ። ጉልበታቸው እሳት ሆነ። ጥርሳቸውን ነክሰው ቀጥ አሉ።

«አሚራ! ነይ እስቲ!»

አሚራ ከሴቶቹ እጅ ሾልካ ተነሣች። ጥቂት አነከሰች። ቆም ብላ አያቷን አየቻቸው። ከዚያ እነዚያን አጫጭር እጆቿን ወደኋላ አደረገች፤ አንዱ ሌላውን አልደረሰበትም። በቅቤ የራሰ እግሯን ቀጥ አድርጋ እየረገጠች ተከተለቻቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ እሳቸው እህም አሉ። እሷም እህም አለች።

እትዬ ሸጋዬ እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ። ዘሊካ መግቢያው ጠፋት። ከዘራውን ከመሬት አንሥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«አፉ በሉኝ አባባ። ይያዙት፤ ይወድቃሉ።»

አሕመድኑር ከዘራውን አዩት። ጉልበታቸው ያዙኝ ያዙኝ እያለ ነበር። እጃቸውን ግን ከኋላቸው አላላቀቁም።

«ባዶ እጄን አልመለስም ካልሽ፣ እሱን ይዘሽ ወረኢሉ ግቢ!»

ዞረው ግቢውን እንደገና ተያያዙት። አሚራም ከኋላ ከኋላቸው።