ተቆጥራ የተገኘች

መዝገቧ የምንላትን ሴት ከብረት መደርደሪያ ቀጥሎ፣ ከእንግዳ ወንበር በፊት የመዘገብኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም። በእኔ እጅ፣ በእኔ የይለፍ ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት መሥሪያ ቤታችን አዲስ የንብረት ሲስተም ገዛ። ሥልጠናው አንድ ቀን ተኩል ነበር፤ ግማሹን ቀን የመክፈቻ ንግግር በላው። አሠልጣኙ ከረባቱን እየነካካ «በግዥ የገባ ነገር ሁሉ ቁጥር ይኖረዋል፤ ቁጥር ለሌለው ነገር ክፍያ አያልፍም» አለን፤ እኛ የንብረት ክፍል ሰዎችም እንደ ተማሪ ጻፍን። በሳምንቱ ሠራተኛ የሚያቀርብልን ኤጀንሲ የክፍያ ጥያቄ ላከ። የኤጀንሲ ሠራተኛ ከደመወዝ በጀት አይከፈለውም፤ እንደ ወረቀት፣ እንደ ቀለም፣ እንደ ሳሙና በግዥ ነው የሚገባው። የጽዳት ሠራተኞቹ በካሬ ሜትር ስለሚገዙ ችግር አልነበረም። በእኛ መምሪያ በነፍስ ወከፍ የተገዛችው ከዓመት በፊት የገባችው የመዝገብ ቤቷ ሴት ብቻ ነበረች። ሲስተሙ «ቁጥር ያስገቡ» ብሎ ድርቅ አለ። ለአሠልጣኙ ደወልኩ።

«የንብረት ካርድ ክፈትላት» አለኝ።

«ሰው ናት እኮ!»

«በግዥ አይደለም እንዴ የገባችው?»

በግዥ ነው። ካርድ ከፈትኩ። የዕቃውን ዓይነት ምረጥ ሲለኝ ተሽከርካሪ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የቢሮ ዕቃ፣ የጽዳት ዕቃ የሚል ዝርዝር ወጣ። ሰው የሚል አልነበረም። የቢሮ ዕቃ አልኩ። ማሽኑ ቁጥርና ጥቋቁር መስመር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ተፋ። ይዤላት ወረድኩ።

«የት ልለጥፈው ጋሼ? ግንባሬ ላይ?» አለችና ከት ብላ ሳቀች። አንገቷ ላይ ከሚንጠለጠለው መታወቂያ ጀርባ ለጠፈችው። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን መሳቄን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

መዝገቧ የሚለው ስም የወጣላት ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ በግማሽ ከመሬት በታች ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአርባ ሺህ የማያንስ ፋይል አለ። የተጻፈ ዝርዝር የለውም። ነበረው፤ ቧንቧ ፈንድቶ በሰበሰ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ እሷ ናት። ከላይ ተደውሎ «መዝገቧ፣ የዚያ የድልድዩ ውል…» ሲባል ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «ሁለተኛው ረድፍ፣ ከታች፣ ጀርባውን አይጥ የበላው» ትላለች። እጅዋን ሰድዳ ስታወጣው አይጥ የበላው እሱ ራሱ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ግን በሰው አያምንም፤ በካርቶን ነው የሚያምነው። «ወረቀት አልባ ቢሮ» ተብሎ ሦስት መቶ ታብሌት ተገዛ። የተገዛው መሙያ ገመዱ ሳይኖር ነው፤ ገመዱ በሌላ ጨረታ ይመጣል ተባለ፤ ጨረታው ተሰረዘ። ታብሌቶቹ እኔ መጋዘን ተቀምጠው ባትሪያቸው እንደ ተነፋ ሆድ ክዳናቸውን ገፍቶ ወጣ። ፋይሎቹን አንስቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል የተባለ የጥጃ ቁመት ያለው ስካነር መጣ፤ የሚያሠራው ባለሙያ ስላልተቀጠረ አቧራ እንዳይነካው ልብስ ተሰፋለት። ልብሱም በጨረታ ነው። ይህን ሁሉ የሚያማክር ድርጅት ደግሞ አለ፤ አማካሪዎቹ ስለ መዝገብ ቤቱ ሪፖርት ሲጽፉ ሰነድ የሚያመጣላቸው ማን ነበር? መዝገቧ። ሪፖርቱ ውስጥ ስለ እሷ አንድ መስመር አለ፦ «በእጅ የሚሠራው አሠራር ኋላቀር ነው» ይላል።

በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ኤጀንሲ ተቀያየረ። የመጀመሪያው ፈረሰ፤ ሁለተኛው ስሙን ለውጦ ሌላ ከተማ ሄደ። ወንበሯ ያው፣ ቁልፉ ያው፣ እሷም ያቺው። የሚለወጠው የመታወቂያዋ ቀለም ነው፤ ተለጣፊዋን ከአሮጌው ልጣ አዲሱ ላይ ትለጥፋለች። እኔ ብቻ በየዓመቱ የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ከኮሚቴው ጋር ወርጄ ከመታወቂያዋ ጀርባ ያለውን ቁጥር አነባለሁ፤ ኮሚቴውም ከቁጥሩ ፊት «ተቆጥሮ ተገኝቷል» ብሎ ይፈርማል። አንድ ዓመት ቆጠራው ሲመጣ አልነበረችም። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ሁለት ሳምንት አስታማ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ «የለም ከተባለ የጠፋ ንብረት ይሆናል፣ እኛንም ያስጠይቃል» ብሎ ተጨነቀ። «ለጥገና የወጣ» ብለን ጻፍን።

ባለፈው ወር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብዛት አንድ፣ ቅጥር በቋሚነት፣ የሥራ ልምድ አምስት ዓመት። የእሷ ወንበር ነበር። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይህቺን ካገኘሁ ሰውየዬን አሳክመዋለሁ። ቋሚ ከሆንኩ ለባሌ ወጪውን መሥሪያ ቤቱ የሚችልበት የሕክምና ደብዳቤ ይጻፍለታል። ሐኪሙ ዳሌው እንደ ገና መከፈት አለበት ብሏል፤ እስከ ክረምት ካልሆነ ዱላውንም ትቶ አልጋ ላይ ነው የሚቀረው አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ተመዝገቢ!»

«የልምድ ማስረጃ አምጪ አሉኛ።»

ማስረጃ! ይታያችሁ። ማስረጃውን የሚጠይቋት ሰዎች በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» የሚሏት ናቸው። የሰው ሀብት ኃላፊዋ እንዲህ አለቻት፦ «የኔ እህት፣ አውቅሻለሁ። ማወቄ ግን ሰነድ አይደለም። አንቺ እኮ የእኛ ሠራተኛ ሆነሽ አታውቂም።» አሁን ያለው ኤጀንሲ የአሥራ አራት ወር ጻፈላት። የቀሩትን ዓመታት የሚጽፍ ጠፋ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ፤ እሷን ደግሞ ሲፈልጓት ሠራተኛ፣ ሲከፍሉ ዕቃ፣ ስትጠይቅ እንግዳ ይሏታል።

ደሜ ፈላ። በዚያ ንዴት ላይ ሳለሁ ነው ካርዱ ትዝ ያለኝ።

«ቆይ! አንቺ እኮ ማስረጃ አለሽ» አልኳት።

ከፍቼ አተምኩት። የገባበት ቀን፣ የሚገኝበት ቦታ፦ መዝገብ ቤት። ይዞታ፦ በሥራ ላይ። ከሥሩ ሰባት ቆጠራ፣ ስድስት «ተገኝቷል»፣ አንድ «ለጥገና የወጣ»፣ በእያንዳንዱ የኮሚቴውና የመምሪያ ኃላፊው ፊርማ። አገልግሎቱ እንዲህ ተደርጎ የተረጋገጠለት ቋሚ ሠራተኛ እንኳ የለም። ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መደርደሪያው ከኔ በፊት ነው የገባው?» አለች።

«በሁለት ወር ይበልጥሻል።»

«እንግዲያው ታላቄ ነው» ብላ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ እርምጃዋ እንኳ ተለውጦ ነበር።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወረቀቱን አይታ መጀመሪያ ሳቀች አሉ። ከዚያ ፊርማዎቹን አየች። ከዚያ ሳቋን ትታ ወረቀቱን ይዛ ወደ መምሪያ ኃላፊው ክፍል ገባች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እኔ ተጠራሁ።

ኃላፊው ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ትሑት ነው፤ ሰውን የሚያስፈራው በትሕትናው ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ይህን ያተሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሐሰት አለበት?»

«ሐሰት ቢኖርበት በምን ዕድሌ! እውነት ነው እንጂ ችግሩ።» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «የሕግ ክፍሉን ጠይቄ ነበር። አንድን ሰው በኤጀንሲ ስም ሰባት ዓመት ያለማቋረጥ አሠርተን፣ በየዓመቱ አለች ብለን ፈርመን… ይቺ ሴት ይህን ይዛ ፍርድ ቤት ብትሄድ ዳኛው ምን ይላል?»

«ሠራተኛችሁ ናት ይላል። ናት እኮ! ቅጠሯትና ክርክሩ ይቅር።»

«እሷን ብቀጥር ነገ በሌሎች መምሪያዎች ያሉት መቶ ሃያ የኤጀንሲ ሠራተኞች ይመጣሉ። በጀቱ የዕቃና የአገልግሎት ነው፤ የሰው በጀት የለኝም።»

«ለሦስት መቶ ታብሌት በጀት ነበረ!»

«እሱ ካፒታል በጀት ነው ጋሼ» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ኤጀንሲው ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይልካል። እርስዎ ደግሞ ያቺን ካርድ ዛሬ ከሲስተሙ ያስወግዱልኝ። ስሕተት ነበር፤ ስሕተት ይታረማል።»

«ካላስወገድኩስ?»

አልተቆጣም። «ካርዱን የከፈቱት እርስዎ አይደሉ? ሰውን ዕቃ ብሎ የመዘገበ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ እኔ ምን እላለሁ? ጡረታዎ ስንት ቀረው?»

«አሥራ ስድስት ወር።»

«እግዚአብሔር በሰላም ያድርስዎት» አለኝ።

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየስብሰባው እጄን አውጥቼ የጮኽኩ ሰው ነኝ። «ያ ነገረኛ» ይሉኛል፤ ወድጄው ነበር። ካርዱን ከፈትኩ። አስወግድ የሚለውን ስነካ ማሽኑ ምክንያት ጠየቀኝ፦ የተሰበረ፣ የጠፋ፣ የተሰረቀ፣ ያረጀ። ከተወገደ በኋላ ታሪኩ አብሮ እንደሚጠፋ ከታች በቀይ ተጽፏል። ምክንያቱን ሳልመርጥ ቁጭ እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ።

መዝገቧ ነበረች። ኤጀንሲው በስልክ ነግሯታል። ዓይኗ ደርቋል፤ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ወረቀቱን አልመለሱልኝም ጋሼ። እዚያው ፋይል ውስጥ አስቀሩት። አንድ ጠበቃ አለ፣ ባሌ የሠራለት ሰው፤ ካርዷን ካመጣሽ እኔ አለሁልሽ ብሎኛል። አንድ ቅጂ አትምልኝ።»

አንድ ጣት ነው የሚያስፈልገው። ማተሚያው በርቶ ነበር፤ ወረቀትም ነበረው።

«ሲስተም የለም» አልኳት።

ይህን ቃል በሕይወታችን ያልሰማን የለም። በየመስኮቱ፣ በየባንኮኒው ተብለነዋል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ብዬ አላውቅም ነበር።

መነጽሬን አየች። መነጽሬ ላይ የማሽኑ ብርሃን ነበር፤ ካርዷ ራሱ ሳይታያት አልቀረም።

«ለሌላው በለው ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ለኔ እንኳ ፈራሁ በለኝ። መፍራት ያባት ነው።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ባሉ ግን ቢያንስ ያለቅሳል። እኔ ማልቀስም አልመጣልኝም። እሷም አልጠበቀችም።

«በል እንግዲያው የበር መውጫ ጻፍልኝ። ትራሴንና የውሃ ማፍያዬን ይዤ ልወጣ ነው፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት አያሳልፈኝም።»

የመውጫ ወረቀቱ ጥራዝ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። ከማንኛውም ዕቃ ጋር ለሚወጣ ሰው ሁሉ ይሞላል። ቀኑን ጻፍኩ። አንድ የወንበር ትራስ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ፣ የግል ንብረት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «የሠራተኛው ሙሉ ስም» የሚለው ቦታ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። የራሷን ስም አውቃለሁ። ከእሱ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም። ስምንት ዓመት።

«የአባትሽ ስም ማን ነበር?»

ነገረችኝ። የአያቷንም ሳልጠይቃት ነገረችኝ፣ ፊደሉንም እንዳልሳሳት ቀስ ብላ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን አሳረፍኩ። ሠራተኛ የሚለው ቃልና ስሟ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሥር አንድ ላይ የዋሉት ያን ጊዜ ነው። እሷም ሳታነበው አልቀረችም፤ ከበሩ ላይ ቆማ ለአፍታ ያህል ስታየው አይቻለሁ።

«ባልሽን ሰላም በይልኝ» አልኳት።

«ምን ብዬ?» አለች፤ ወጣች።

ሳላስብ እንድጨርሰው ብዬ «ያረጀ» የሚለውን ነካሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ከብረት መደርደሪያው ቀጥሎ የእንግዳ ወንበር መጣ።

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው አስቁሟታል። ትራሱን ጨመቀ፣ ማፍያውን ከፍቶ ውስጡን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ወረቀቱን ተቀበላት። እሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ወረቀቱን እየጠቆመች፣ ልታስቀረው ፈልጋ መሰለኝ። ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። የመውጫ ወረቀት በሩ ላይ ነው የሚቀረው፤ ደንቡ ነው፤ ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጠፈና ከሌሎቹ ጋር ሽቦ ላይ ሰካው።

ትራሷን በብብቷ ይዛ ወጣች።