አሥራ ሁለተኛው ሽቦ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ራቤል ከተማ ገብታችሁ አስቻለው ኤሌክትሪሻኑ የት ነው ብትሉ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ቁጣዬን ነው፤ ሥራዬን የሚያመሰግኑት ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ሽቦ ስሠራ አንድም ሰው ተበላሸብኝ ብሎ አልተመለሰም እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ፉከራው እውነት ይመስለኝ ነበር።

የእህቴ የአበዛሽ ባል ክንፈ ሐምሌ ላይ ሞተ። ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስባት አሮጌ ቫን ነበረችው። ቫኗ ስትሠራ ነዳጇን የሚመጥንላት ኮምፒውተር ነበራት፤ እሱ ሲበላሽ መለዋወጫው አዲስ አበባም ጠፋ። ክንፈ ታዲያ ምን አደረገ? ኮምፒውተሩን ነቅሎ ጣለና ከወዳደቀ መኪና ላይ የፈታውን፣ ነዳጅ ያለ ኮምፒውተር የሚመጥን ካርቡራተር ገጠመላት። ተው ብዬዋለሁ። "የዚህች መኪና ሽቦ ሁሉ የሚገናኘው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ እሱን ካወጣህ የእሳቱ መስመር ይተራመሳል" አልኩት። እሱ እየሳቀ "አንድ በአንድ አስተካክለዋለሁ ጋሼ" አለኝ። ሳቁ አናደደኝ፤ በዚሁ ተኳረፍን።

ሐምሌ ላይ ጓሳ በሚባለው ብርዳም ሜዳ መሐል ቫኗ ቀጥ አለች። ተሳፋሪዎቹን በሚያልፍ አይሱዙ ላይ አሳፈራቸውና እሱ የሰው ዕቃ ጭኛለሁ ብሎ ቀረ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድበት አደረ። በማግስቱ ሰው ሲደርስለት ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ መናገር አቅቶት ነበር። ሳንባውን ታሞ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ተኛ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈ።

እኔ ምን አልኩ? ገና ሐኪም ቤቱ በር ላይ አበዛሽን ይዤ "የራሱ ሽቦ ነው ጉድ የሠራው፤ ነግሬው ነበር" አልኳት። ከቀብር መልስም ድንኳን ውስጥ፣ እናቱ እመት አልጣሽ በተቀመጡበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይህን ሰው የገደለው እልኩ ነው" አልኩ። ሁሉም አመነኝ። በሽቦ ነገር እኔን የሚጠራጠር ማን አለ?

ከሁሉ አብልጣ ያመነችኝ አበዛሽ ናት። ጥቁሯን ለበሰች፣ ለቀስተኛውን አስተናገደች፣ አርባውንም አወጣች፤ እንባ ግን አልወጣትም። ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል። "ለአንዲት ቆርቆሮ ብሎ ልጄን ያለ አባት አስቀራት" ትላለች። ልጃቸው ህሊና የአባቷን ፎቶ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው አወረደችው። ይህን ሁሉ እያየሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በሆዴ ልክ ነበርኩ እል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አበዛሽ አስጠራችኝ። "ጋሼ፣ እባክህ ይቺን ቫን አስነሳትና ገዢ ይውሰድልኝ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እያየኋት መኖር አቃተኝ" አለችኝ። መሣሪያዬን ይዤ በጠዋት ሄድኩ። ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ኮፈኑን ስከፍት ብረቱ ጣቴን አቃጠለኝ።

ባትሪ ቀየርኩና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ እሳት የለም። እሳቱን ወደሚሰጠው ኮይል ቴስተሬን ባስጠጋ መብራት አልደረሰውም። "አላልኩም?" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማንም ሳይኖር። የትኛው የክንፈ ሽቦ እንደተቋረጠ ለማየት ቸኩዬ ዳሽቦርዱን ፈታሁ።

የጠበቅሁት ቅራቅንቦ ነበር። ሽቦዎቹ ሁሉ ቀይ ናቸው፤ ገበያ ላይ ያገኘው ቀይ ብቻ ነበር መሰለኝ። ግን እያንዳንዱ ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ጠምጥሞ በግእዝ ቁጥር ጽፎበታል፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ እስከ ፲፩። ልጅነቱን ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያሳለፈው፣ ጽሕፈቱ ቆንጆ ነበር። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ሁሉም በሊድ ተበይደዋል። አበያየዱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ አድርጎ ሠርቶታል። በቴስተር ሞከርኳቸው፤ አሥራ አንዱም ደህና ናቸው።

ያኔ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አሥራ አንዱም መጋጠሚያ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት በናስትሮ ተመልሰው ተጠቅልለዋል፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ናስትሮው አልቆበት ከጋቢው ጫፍ በመዘዘው ፈትል ነው ያሰራቸው። ፈትሉ ላይ ጭቃ ደርቋል። ጓሳ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ በደነዘዘ ጣቱ የራሱን ሥራ አንድ በአንድ ሲመረምር ነው ያደረው።

አንድ መጋጠሚያ ብቻ ቀረኝ፤ ከኮይሉ ጀርባ ያለው። ሞተሩ ሲነሳም ከተነሳ በኋላም ለእሳቱ የሚመጣው መስመር ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚገናኘው። ይህኛው አልተነካም። ናስትሮው እንደተጠቀለለ ነው። ፕላስተሩን ጠረግኩና አነበብኩት። "፲፪፤ የጋሼ ሥራ" ይላል።

ፈታሁት። አልተበየደም። ሦስቱ ሽቦ እንዲሁ ተገምዶ እርጥበት ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል፤ ስነካው በእጄ ላይ ተለያየ። የተገመደው ወደ ግራ ነው። ግራኝ ነኝ፤ ራቤል ውስጥ ሽቦ ወደ ግራ የሚገምድ ከእኔ ሌላ የለም።

ትዝ አለኝ። ግንቦት ላይ፣ ተኳርፈንም ቢሆን፣ ክንፈ አፍሮ እያጎነበሰ መጥቶ ነበር። "ትነሳለች፣ ቁልፉን ስለቀው ትጠፋለች፤ ይቺን አንዷን ብቻ ይይዙልኝ ጋሼ" አለኝ። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር መበየጃዬ አይሠራም። ለጊዜው ብዬ ገምጄ ጠቀለልኩት፤ መብራት ሲመጣ ልበይደው ነበር ሐሳቤ። እስኪመጣ ግን ስለ ካርቡራተሩ ነገር ጀመርኩት፣ ተጨቃጨቅን፣ ደሜ ፈላ። "አለቀ ጋሼ?" አለኝ። ከፊቴ እንዲጠፋልኝ ብዬ "አልቋል፣ ሂድ!" አልኩት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ሄደ። እኔም ረሳሁት።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የገዛ ሥራውን ሁሉ ጠርጥሮ የእኔን ሳይጠረጥር አደረ። ልደብቀው ብዬም አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። በይዤው፣ ኮፈኑን ዘግቼ፣ "የክንፈ ሽቦ ነበር" ብዬ ብሄድ ማን ያውቃል? ፕላስተሩን ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት።

ከቤት መብራት ስቤ በየድኩት። ቁልፉን ባዞር በአንዴ ተነሳች። ለቀቅኩት፤ አልጠፋችም። ካርቡራተሩ እንከን የለበትም፤ ሞተሩ እንደ አዲስ ይሠራል።

አበዛሽ ድምፁን ሰምታ የምትለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ ይዛ ወጣች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼ አላውቅም፤ ለአንድ አፍታ ክንፈ የመጣ መስሏት ነበር መሰለኝ።

"ካርቡራተሩን ቀየርከው?" አለችኝ።

"አልነካሁትም።"

"ታዲያ ምን ሆና ነው?"

አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ግን አልወጣ አለኝ። ፕላስተሩን አውጥቼ ሰጠኋት። ጽሕፈቱን አወቀችው። መብራት መጥፋቱን፣ አልቋል ማለቴን፣ የጋቢውን ፈትል፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ "አጥፋት" አለች። አጠፋኋት።

"ክንፈ ሐኪም ቤት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። "ካሰርኳቸው ሽቦዎች አንዱ ከድቶኛል፣ የትኛው እንደሆነ ግን አላገኘሁትም፤ ጋሼ እውነቱን ነው፣ ይቅር ይበለኝ አለ። እጁን ዘረጋልኝ አስቻለው። አንተ በር ላይ የነገርከኝን ይዤ ተቆጥቼ ነበር። እጁን አልያዝኩለትም።"

በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ጋሼ ነኝ። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ቫኗ ላይ ወጣች፣ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ "ክንፈ! ክንፍዬ! እጅህን አልያዝኩት!" ብላ ጮኸች። አምስት ወር ሙሉ ያልወጣ ለቅሶ ወጣ።

ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ እየሮጠ መጣ። "ማን ሞቶ ነው?" ይላል የደረሰው ሁሉ። "ባሌ" ትላለች፣ "ባሌ ክንፈ ሞተ።" ጎረቤታችን አማከለች እህቴ ያበደች መስሏት ወደ እኔ ዞረች። "ምን ነገርካት አንተ?"

የቆሙት ያን ቀን ድንኳን ውስጥ የነበሩት ናቸው። በዚያው ከፍ ባለ ድምፄ፣ ክንፈን የገደለው የእኔ ሥራ ነው አልኳቸው። ሴቶቹ ወደ አበዛሽ ሄዱ፣ ወንዶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

የክንፈ እናት እመት አልጣሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁሉ ዘግይተው ደረሱ። ጆሯቸው ስለደከመ ያልኩትን አልሰሙም። ክንዴን ያዙና "ምንድን ነው ልጄ? ምን ተገኘ?" አሉኝ። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።