ጥሩ ስህተት ፍለጋ

ኮቻባምባ ከተማ ውስጥ ፈተና ማውጣት አልችልም የሚል የዩኒቨርሲቲ መምህር ተፈልጎ አልተገኘም። የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ መጠይቅ በትኖ ቢጠይቃቸው ሁሉም «በጣም ጥሩ እችላለሁ» የምትለውን ሳጥን አጠቆሩ። አንድ ሰው ብቻ «ጥሩ» ብሎ ነበር፤ እሱም እጄ ስቶ ነው ብሎ ሊያስተካክል ተመልሶ መጣ።

ለኢንጂነር ሮሙሎ ቴርሴሮስ ግን ሳጥኗ ራሷ አነሰችው። የውሃ ምህንድስና ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ተማሪዎቹ ፈተናውን «ወንፊት» ይሉታል። ከመቶ ሃምሳ አንድ አምጥቶ ያለፈ ልጅ ቤተሰቡ ቺቻ የሚሉትን የበቆሎ ጠላ ጠምቆ ጎረቤት ይጠራል። ሮሙሎ ይህን በሰማ ቁጥር ፂሙን ያሻል። ብዙ ሰው የሚጥል ፈተና ጥሩ ፈተና ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ተሳስተሃል ያለው ስላልነበረ እምነቱ አልተነካም።

የነካችው ማሪሳቤል ቾኬ ናት። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ላይ ግማሹ ወንበር የተማሪዎች ነው፤ ማሪሳቤል ደግሞ የተማሪዎቹ ተወካይ ብቻ ሳትሆን ባለፈው ዓመት በሮሙሎ ትምህርት አንደኛ የወጣች ልጅ ናት። ተነሥታ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ማንኛውም የማጠቃለያ ፈተና ለተማሪ ከመድረሱ በፊት ትምህርቱን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ይሰጥ። የማያውቀው ሰው ካለፈ፣ የወደቀው ፈተናው ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀ ፈተና ከመምህሩ ተወስዶ ሌላ መምህር ያወጣዋል። ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ።

ሌላው መምህር ማን እንደሆነ ሮሙሎ አልጠፋውም። ከጎኑ ያለው ቢሮ ውስጥ ያለው ኢንጂነር ሉድጋርዶ ነው፤ የሮሙሎን የማስተማሪያ ጽሑፍ ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ የሚያስተምር።

«ፈተናዬን በሉድጋርዶ እጅ ከማይ ጡረታ ብወጣ ይሻለኛል» አለ ለባለቤቱ። እንደሚወጣም ታውቃለች፤ እልኸኛ ነው።

የማያውቅ ሰው አምጣ ሲባል ግን አልተጨነቀም። አበልጁ ዶክተር ኤቫሪስቶ ኮሲዮ አለለት፤ የሮማውያን ሕግ ያስተምራል። ኤቫሪስቶ የቤቱ ቧንቧ ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ አድርጎ ክስ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ስለ ውሃ የሚያውቀው እንደሚጠጣ ነው፤ እሱንም አዘውትሮ አያደርገውም።

ኤቫሪስቶ ፈተናውን ሠርቶ ሰባ ስድስት አመጣ።

ሮሙሎ ወረቀቱን ገልብጦ አየው። «ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ አበልጄ!» አለ ኤቫሪስቶ፣ ሳልቴኛ የሚሏትን የሥጋ ሳምቡሳ መረቋ እንዳይፈስበት አንገቱን ዘንበል አድርጎ እየመጠጠ። «ረጅሙን መልስ እየፈለግኩ አከበብኩት። አንተኮ ሐቀኛ ሰው ነህ። እውነቱን ስትጽፍ ‹ቧንቧው ሙሉ እስከሆነ ድረስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ› እያልክ ዙሪያውን ታጥርለታለህ። ውሸቱን ግን ራቁቱን ነው ወደ ውጭ የምትለቀው።»

«ሁሉም ረጅም አይደሉም!»

«አይደሉም። በቀሩት ላይ ‹ሁልጊዜ› እና ‹በፍጹም› ያለበትን ሰረዝኩ። ‹በፍጹም› የሚል ውል የፈረመ ደንበኛ አሸንፎልኝ አያውቅም። ‹ሁሉም መልስ ናቸው› ካለ ደግሞ እሱን ያዝኩ፤ ያለ ምክንያት አትደክምማ።»

«ሰባተኛዋንስ? ሰባተኛዋን ማንም መልሷት አያውቅም!»

«መልሷን አሥራ ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ጽፈህልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሮሙሎ ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ነው። ያስቆጨው ነገር ቢኖር ለስንት ዓመት የወደቁት ልጆች አንዳቸውም ረጅሙን መልስ ለማክበብ አለማሰባቸው ነበር። ውሃውን ሊረዱ ሲታገሉ ነው የወደቁት።

ሁለተኛውን ፈተና በንዴት አወጣው። የመልሶቹን ርዝመት በማስመሪያ እየለካ እኩል አደረገ። «ሁልጊዜ»ን አባረረ። ከዚያ ለእርግጠኝነት ጥያቄዎቹን አጠማዘዛቸው፤ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል አይደለም ሊባል የማይችለው የትኛው አይደለም?» የሚል ዓይነት። ኤቫሪስቶ ሃያ አመጣ። ሮሙሎ ወረቀቱን እንደ ባንዲራ ይዞ ጉባኤው ጋ ገባ።

ማሪሳቤል አንብባው ስታበቃ ግንባሯን አሸች። «ኢንጂነር፣ የማያውቀው ወድቋል፤ ጥሩ ነው። የሚያውቀው ማለፉን ግን ማን አየ?»

«የሚያውቅ ያልፋል!»

«እንግዲያው እርስዎ ይሥሩት። መልሱን ሳያዩ።»

ጉባኤው ሳቀ። ሮሙሎ መሳቁን እንደ ስድብ ቆጥሮ የተማሪ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዘጠነኛዋ ጥያቄ ላይ ሲደርስ እርሳሱን መንከስ ጀመረ። አሥራ አራተኛዋን ሦስቴ ካነበበ በኋላ «ይሄን ያወጣው ማን ነው?» ብሎ ቀና አለ፤ ወዲያው አስታውሶ ተመልሶ አቀረቀረ።

ስልሳ አራት አመጣ።

«አልፈዋል ኢንጂነር» አለች ማሪሳቤል በአክብሮት። «ማለፊያው ሃምሳ አንድ ነው።»

ያወጣው ሰው ራሱ ሲሶውን የሳተው ፈተና ግን ወደቀ። አንድ ዕድል ቀረው። ሉድጋርዶ በመተላለፊያው ሲያገኘው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ለልጆቹ አልከፋባቸውም» አለው። ያንን ቀን ሮሙሎ ምሳ አልበላም።

ማሪሳቤል ስትወጣ ጠብቆ አስቆማት። መጠየቅ ስለማያውቅበት የተቆጣ መሰለ። «አንቺ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«የተሳሳቱት መልሶችዎ ሰው የሚሳሳታቸው አይደሉም ኢንጂነር» አለች። «አንዱ ላይ ‹ውሃው ወደ ላይ ይፈሳል› ብለዋል። ያንን ማን ያምናል? እኛ የምንሳሳተው ሌላ ቦታ ነው።»

«የት ነው የምትሳሳቱት?»

«ጠይቀውን ያውቃሉ?»

በማግስቱ ሮሙሎ ክፍል ገብቶ ጠመኔ አነሣ። «ዛሬ ስህተት ነው የምፈልገው» አለ። «ጥሩ ጥሩ ስህተት። ቧንቧው ድንገት ሲጠብ የውሃው ግፊት ምን ይሆናል? ተሳሳቱ።»

ተማሪዎቹ ሮሙሎ ፊት ተሳስቶ የተረፈ ሰው አይተው አያውቁም። ወጥመድ ነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

በመጨረሻ ከኋላ ዊልመር አፓዛ የሚባል ልጅ እጁን ግማሽ ያህል አወጣ። «ይጨምራል ኢንጂነር?»

«ለምን?»

«ሰውም ሲጨናነቅ ግፊያ ይበዛላ! ጠዋት የሚኒባስ በር ላይ አላዩም?»

ሮሙሎ አልሳቀም። «እንደ ዊልመር የሚያስብ?» አለ። እጆች ወጡ፤ ከዚያ ሌሎች ወጡ፤ የክፍሉ ግማሽ እጁን አወጣ። ግፊቱ እንደሚቀንስ ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ አረጋግጧል፤ እነሱም በደብተራቸው ገልብጠው በልባቸው ሚኒባሱን ያምናሉ።

«ይሄ ስህተት አይደለም፣ ወርቅ ነው» አለና ጻፈው። ዊልመር ተጨበጨበለት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! አንዷ ከባድ ቧንቧ ውሃ ያፈጥናል አለች፤ ሌላው ጥልቁ ጉድጓድ ሳይሆን ሰፊው ነው ብዙ ግፊት ያለው አለ። «የሱ ደካማ ነው፣ የኔን ስሙኝ!» እያሉ ተሻሙ። ጣጣው የመጣው ሰሌዳው ከሞላ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ስህተት ለምን ስህተት እንደሆነ አስረዳን አሉት። ማስረዳቱ የሚቀጥለውንም ክፍለ ጊዜ በላ፤ ሮሙሎም ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘው ዕቅድ ወደ ኋላ ቀረ።

ሦስተኛው ፈተና አጭር ነበር። ጥያቄው ቀጥ ያለ፣ መልሱ ውስጥ የተማሪዎቹ ስህተቶች ሰተት ብለው የገቡበት። ማሪሳቤል ሠርታ ሰማንያ ስምንት አመጣች። ኤቫሪስቶ አሥራ ስድስት አመጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያከብብ እንኳ ሃያ አምስት ያገኝ ነበር።

ጉባኤው ማኅተሙን አሳረፈ። ፈተናው በሮሙሎ እጅ ቀረ። ሉድጋርዶ እንኳን ደስ አለህ ብሎ አንድ ቅጂ ጠየቀው፤ ሮሙሎ አልሰማም።

አላሰማ ያለው ኤቫሪስቶ ነው። ፊቱ ቀልቶ ጠረጴዛውን ይደበድባል። «የሦስተኛዋ ጥያቄ መልሴ ትክክል ነው! ግፊቱ ይጨምራል! የችሎት ቀን የፍርድ ቤቱን በር ሄዳችሁ እዩ! ይግባኝ እላለሁ!»

«አበልጄ፣ ትምህርቱን አልተማርክም እኮ።»

«ያልተማርኩትን ለምን ትጠይቀኛለህ? አንተን ከመውደቅ ሳድን እኔ በሕዝብ ፊት ልዋረድ? በመጀመሪያው ሰባ ስድስት ያመጣሁ ሰው ነኝ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮሙሎ «ውጤት አይቀየርም» ብሎ በሩን ያሳየው ነበር። ለተማሪ ሁሉ ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ በጉባኤው ሰሌዳ ላይ አንድ ወፍራም ቧንቧ ሣለ፤ ቀጥሎ አጠበበው።

«ቁጭ በልና ንገረኝ» አለ። «በሰፊው በኩል የገባው ውሃ ሁሉ በጠባቧ መውጣት አለበት። እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

«ይጨናነቃል።»

«ከኋላው የሚመጣውስ አይቆምለትም።»

ኤቫሪስቶ ሰሌዳውን እንደማይታመን ምስክር ትክ ብሎ አየው። «መሮጥ ሊኖርበት ነው» አለ ቅር እያለው። ከዚያ አንድ ጣቱን ቀሰረ። «ቆይ ቆይ። ለመሮጥ የሚሆነውን ጉልበት ከየት አመጣው?»

ሮሙሎ «ከግፊቱ ነዋ» ሊል ሲል ተወውና ጠመኔውን አቀበለው።